የጋሽ ላቀው እንቢታ

ጋሽ ላቀው በተቀበሩ ማግስት ቢቸና ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ሳለ አቶ ሙላት ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ። ሙላት የታወቀ አስታራቂ ነው፤ ጋቢው ነጭ፣ ጺሙ ነጭ፣ ምላሱ ቅቤ። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አፌ ግን አሻፈረኝ ካለ ቆየ።

«ላቀው ማለት» አለ ለቀስተኛውን እየቃኘ፣ «ለእውነት የኖረ፣ ቃሉን ያላጠፈ፣ የአገር ምሰሶ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ አናገኝም።»

ከጎኑ ደምሌ ተቀምጧል፤ የወፍጮ ቤቱ ጌታ ደምሌ። ድንኳኑን ያስተከለው እሱ ነው፣ ወንበሩንም ያስመጣው እሱ ነው። ከገጠር የመጡት የጋሽ ላቀው ዘመዶች የሆነውን ነገር አያውቁ፤ «እግዜር ይስጥልን» እያሉ ጉልበቱን ሊስሙት ምንም አልቀራቸው። እሱ ደግሞ በመሀረብ ዓይኑን ይጠርጋል። ደረቅ ዓይን በመሀረብ ሲጠረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያፌን ንፍሮ እንደያዝኩ ወጣሁና ከድንኳኑ ጀርባ እንትፍ አልኩት። የለቅሶ ንፍሮ እንደማይተፋ አውቃለሁ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ጋሽ ላቀውን በቁማቸው ቀብረዋቸው ነበር። ሦስተኛው ቀባሪ ደግሞ እኔ ነኝ። ልንገራችሁ።

ባዬ እባላለሁ፤ ቤቴ ሞጣ ነው። ከሞጣ እስከ ቢቸና ወፍጮ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የተበላሸ ሞተር ነው። የተማረ ሰው መጥቶ ሦስት ቀን አገላብጦ የተወውን ወፍጮ እኔ ምሳ ሳይደርስ አስነስቼዋለሁ፣ ያውም እያወራሁ። «የባዬ ወሬ ከመፍቻው ይበልጣል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የኮረፈ ባል፣ የተቆጣ ፖሊስ፣ አማት እንኳ ሳይቀር አስቃለሁ።

ጋሽ ላቀውን ግን አስቄያቸው አላውቅም።

የሚሠሩት ደምሌ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ነበር። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ከኮፍያቸው እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰዋል፤ ቁመታቸው ዘንግ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ። የዱቄት ብናኝ ደረት ይዘጋል ብለው ጠዋት ጠዋት ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ስለሚቆረጥሙ፣ ጠጋ ብለው ሲያናግሩህ ዓይንህ ያለቅሳል። በዚያ ላይ ችኮ! አንዷ ባልቴት «እስቲ አንድ እፍኝ ለበረከት» ብትላቸው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ ጉልበታቸው ላይ ጠፍ ጠፍ አድርገው ዱቄቱን ያራግፋሉ፣ መልሰው ያጠልቃሉ፤ ከዚያ «እንቢ» ይላሉ። ኮፍያዋ ከወለቀች ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ለደምሌም ያው ነው። «ጋሽ ላቀው፣ ሚዛኑን ትንሽ ጫን አድርጉት እንጂ» ሲላቸው ኮፍያቸው ትወልቃለች።

«ለምን አያባርርዎትም?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«ሚዛን ላይ እኔን ሲያይ ገበሬው ያምናል። ደምሌ የቀጠረው እኔን መሰለህ? እምነቱን ነው የቀጠረ።»

በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም ሄደው ቅኔ ቆጥረዋል፤ መጻሕፍት ጀምረው ሕመም መለሳቸው። ከዓመታት በኋላ አንድ ጨው ቸርቻሪ ዘንድ፣ ለመጠቅለያ በኪሎ ከመጣ አሮጌ ወረቀት መሀል፣ የዕብራይስጥ መማሪያ አገኙ። ሽፋን የለው፤ መጀመሪያው ተገንጥሎ የሰው ጨው ይዞ ሄዷል። ፊደሉን ዳዊታቸው ውስጥ አሌፍ፣ ቤት ተብለው ከተጻፉት የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች ጋር እያመሳከሩ፣ በግዕዛቸው እየተመረኮዙ፣ ለብቻቸው ተማሩት። ራሴን በራሴ አስተማርኩ እያልኩ የምጎርረው ሰውዬ እዚያ ላይ አንገቴን ደፋሁ። ብዙም አይደለም፣ ትንሽ።

አንድ ቀን ሞተሩን ፈትቼ ዘይት በዘይት ሆኜ ሳለሁ፣ ጣታቸውን ዱቄት አስነክተው የወፍጮ ቤቱ ጥቁር በር ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ፊደል ጻፉ። ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ገበሬዎች «ጠልሰም ነው!» ብለው ሽንብራቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

«ደንበኛ አባረሩ እኮ ጋሽ ላቀው። ምንድነው?»

«ሜኤን። እንቢ አለ፣ አሻፈረኝ አለ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጠይቀውት አልፈልግም ያለ አይምሰልህ። ለምነውት፣ አስፈራርተውት፣ ደግመው ለምነውት፣ እንቢ ያለ።»

«ፈርዖን በሉኛ።»

«ፈርዖንም አለበት። ሕዝቡን አለቅም ሲል ቃሉ ይኸው ነው። ዮሴፍም አለበት። የጌታው ሚስት ብትወተውተው እንቢ አለ፤ ቃሉ ይኸው ነው። ያዕቆብንም ልጅህን አውሬ በላው ብለው ሊያጽናኑት ቢሰበሰቡ መጽናናትን እንቢ አለ። ይኸው ነው።»

«እና ጥሩ ነው መጥፎ? እኔ መካኒክ ነኝ። ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም።»

«ቃሉ ሚዛን ነው ባዬ። እህሉን የምትጭንበት አንተ ነህ።» ጠጋ ብለው ነጭ ሽንኩርታቸውን ተነፈሱብኝ። «ደግሞ እንቢ ማለቱስ ቀላል ነው። ከእንቢታ ጋር ማደር ነው ጣጣው።»

«ሚስቴ ዕብራይስጥ ሳትማር ሜኤን ናት» አልኳቸው። አልሳቁም።

ወደ ነገሩ ልግባ። ቢቸና ውስጥ ጥሩ የምትባል በርበሬ ነጋዴ አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት። ዛላውን ራሷ ቀንጥሳ፣ ራሷ አድርቃ፣ ደምሌ ዘንድ አስፈጭታ ገበያ ትቸረችራለች። አንድ ሰሞን ሠርግ ደጋሾች ከሷ ገዝተው ወጥ ሠሩ፤ እንግዳው ሁሉ ሆዱን ይዞ አደረ። በርበሬው ቢመረመር የጡብ ዱቄት ተገኘበት። ጡብ! ሰው ልጁን ሲድር እንግዳውን ግድግዳ አበላ! ጥሩን ከገበያ መሀል፣ ከእነ ስፍሯ አንስተው አሰሯት።

ደምሌ ተጠየቀ። «እኔ ያመጣችልኝን ፈጨሁ። የደባለቀችው እሷ ናት» አለና አረፈው።

ጋሽ ላቀው ግን አይተው ነበር። በርበሬው በተፈጨበት ቀን ደምሌ የተወቀጠ ጡብ ወፍጮው አፍ ውስጥ ሲገለብጥ «ምንድነው ይሄ?» ቢሉት «ድንጋዩን ላጸዳበት ነው» አላቸው፤ አመኑት። ወዲያው የጥሩ በርበሬ ተከተለ። ጥሩ ስትታሰር ጓሮ ዞረው ቢያዩ የጡብ ዱቄት በጆንያ ቆሟል፣ ከጎኑ ደግሞ ከየሰው የተቀነሰ ንጹህ በርበሬ። ሮጠው ለፖሊስ ተናገሩ። ፖሊስ እስኪደርስ ጓሮው እንደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠርጓል። ስለዚህ ጥሩን ነፃ የሚያወጣት የሳቸው ቃል ብቻ ሆነ። ደምሌም ይህንን ያውቃል።

ሽማግሌ ሰበሰበ። ሙላትን፣ የጋሽ ላቀውን የንስሐ አባት፣ እኔንም ከሞጣ በስልክ። እኔን ለምን ትሉኛላችሁ? ሽማግሌ ሲሰየም አንድ አስቂኝ ካልገባበት አይሳካም። የተቆጣ ሰው አንዴ ከሳቀ ቁጣው እጁ ላይ ይሟሟል። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከኔ በላይ የለም። አስቄ ያላስታረቅሁት ባልና ሚስት የለም፤ ያስታረቅኋቸው መልሰው ቢፋቱ የኔ ጥፋት አይደለም።

መጀመሪያ ደምሌ ቤት ፍየል ታረደ። «ደረቅ አፍ አያስታርቅም» ይላል ደምሌ ቢላውን እየሳለ። ሙላት ጥሬ ጉበቱን ከጨጓራው ጋር እየጠቀለለ ይጎርሳል፤ ሞራው በዚያ ነጭ ጺሙ ላይ ይወርዳል፤ በዚያው እጁ ደግሞ ወደ ሰማይ እየጠቆመ «ሁሉን የሚያውቅ አንድዬ» ይላል። ጥርሱ መሀል ጅማት ተሰክቷል። ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል። ያን ቀን ግን ጎድኑን ሙልጭ አድርጌ የጋጥኩት እኔ ነኝ። ይጣፍጥ ነበር፤ ምን ልዋሽ።

ያገሬ ወግ ግልጽ ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ የተበደለው ቤት ይሄዳል። «ይቅር ለእግዜር» እስኪባል ድንጋዩ አይወርድም፣ ሽማግሌውም አይቀመጥም። ደምሌ ግን ድንጋይ ሲባል ወገቡን ያዘ።

«ዲስኬን ያመኛል። ደግሞ እኔ ምን አጥፍቼ ነው የምሸከመው? እቤቴ ልቆይ።»

«ድንጋይ ካላየ ላቀው አይራራም» አለ ሙላት ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

«ኧረ እኔ እሸከመዋለሁ!» አልኩ። «የሞጣን ሞተር የቻለ ትከሻ የቢቸና ጠጠር ያቅተዋል?»

ተንከተከቱ። ከወፍጮ ቤቱ ደጅ አንድ የወፍጮ ድንጋይ ስባሪ አንስቼ ጫንቃዬ ላይ ጣል አደረግሁና፣ የጠገበ ሆዴን ይዤ ቀደምኳቸው። በመንገድ ሰው እያየኝ ይስቃል፤ እኔም እጅ እነሳለሁ።

ጋሽ ላቀው ደጃቸው ላይ እህል ያበጥሩ ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ ሙላት። «ላቀው ወንድሜ፣ ሰው ሰውን ይበድላል፣ አገር በይቅርታ ትኖራለች። ፍርድ ቤት ቀርበህ አላየሁም በል። ሌላ ምንም አንልህም። ደምሌም ዕድሜ ልክህን ከሚዛንህ አያነሳህም።»

«ጥሩስ?»

«እሷማ ጥቂት ታስራ ትወጣለች። ደምሌ ቢታሰር ግን ወፍጮው ቆሞ አገር ጥሬ ሊበላ ነው?»

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። «ልጄ ላቀው፣ ልብህን አታደንድን። ፈርዖንን ምን እንዳጠፋው ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።»

ተራዬ ደረሰ። «ጋሽ ላቀው፣ ቶሎ በሉና አሳርፉኝ፤ ይቺ ድንጋይ እኔኑ ልትፈጨኝ ነው። ዱቄት ከሆንኩ በኋላ ብትመዝኑኝ ምን ዋጋ አለው?»

ቄሱ ፈገግ አሉ። ጋሽ ላቀው ኮፍያቸውን አወለቁ። ጉልበታቸው ላይ ጠፍ ጠፍ አደረጉ። አጠለቁ።

«ባዬ፣ በድለኸኛል?»

«እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ!»

«ታዲያ ይሄ ድንጋይ የማን ነው?»

«የደምሌ ነዋ።»

«ደምሌ በድሏል ማለት ነው?»

ድንጋዩን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«በዳይ ከሌለ ድንጋይ የለም» አሉ። «ድንጋይ ካለ በዳይ አለ። የሰውየውን ጥፋት በጫንቃችሁ ተሸክማችሁ፣ በአደባባይ አሳልፋችሁ አምጥታችሁ፣ አላየሁም በል ትሉኛላችሁ? እንኳን እኔ መንገደኛው ሁሉ አይቶታል። ደግሞ ቤት ተሳስታችኋል። የተበደለችው እስር ቤት ናት። ወደዚያ ውሰዱት።» ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባቴ፣ ፈርዖን አሉኝ። ፈርዖን እንቢ ያለው የታሰረው እንዳይፈታ ነው። እስቲ ከእኔና ከእናንተ፣ የታሰረችው እንዳትፈታ የሚፈልገው ማነው?»

ቄሱ መስቀላቸውን መልሰው ከጋቢያቸው ሥር ከተቱ። ሙላት ቱግ አለ፦ «ሽማግሌ ረግጦ የኖረ የለም! ሞተህ ማን እንደሚቀብርህ እናያለን!» እኔ ድንጋዩን እደጃቸው ጣልኩና ተከተልኩት። ከኋላዬ የእህሉ ሰፌድ መልሶ ሲንሿሿ ይሰማኛል።

በዚያው ሳምንት ደምሌ ከሚዛኑ አነሳቸው፤ እድሩም ስማቸውን ሰረዘ። በቀጠሮው ቀን ጋሽ ላቀው ቀርበው ያዩትን ሁሉ፣ ማመናቸውን ሳይቀር፣ ተናገሩ። «ከሥራ ስለተባረረ በቂም ነው የሚመሰክረው» ተባለ።

«ቂም አይደለም» አሉ። «ድንጋይ አሸክሞ ሽማግሌ ልኮብኛል። የተሸከመውን ባዬን ጥሩት።»

ተጠራሁ። ማልሁ። ፊት ለፊቴ ጥሩ ቆማለች፤ ነጠላዋ ከእስር ቤቱ አቧራ የተነሳ መልኩ ጠፍቷል። ከኋላዬ ሙላትና ደምሌ ተቀምጠዋል፤ ዞሬ ባላያቸውም ማጅራቴ ያውቃቸዋል። የደምሌ ዘመዶች ደግሞ ከቢቸና እስከ ሞጣ ግማሹን ወፍጮ የያዙ ናቸው፣ እንጀራዬ ናቸው።

«ድንጋይ ተሸክመው ምስክሩ ቤት ሄደዋል?» አሉኝ ዳኛዋ።

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። አዎ፣ ደምሌ ልኮኝ።

«ክብርት ዳኛ፣ ተሸክሜያለሁ» አልኩ። «ጋሽ ላቀው ጉንፋን ይዟቸው ልጠይቃቸው ስሄድ ነው። ስንት ዓመት ቀልጄላቸው ፈገግ አላሉልኝም። ድንጋይ ተሸክሜ ካላሳቅኋቸው ሌላ በምን ላስቃቸው?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱ ግድግዳ ይዞ ይስቃል። ዳኛዋ በወረቀት አፋቸውን ከለሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አስቄ አላውቅም። ያልሳቁት ሁለት ናቸው። ጋሽ ላቀው መሬት መሬት ያያሉ። ጥሩ ግን ዓይኔን ታያለች።

ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባት።

ጋሽ ላቀው ልጆቿን ወደ ቤታቸው ወሰዱ። በሰው ቤት እህል እያበጠሩ አበሏቸው፤ እሑድ እሑድ ስንቅ ቋጥረው እስር ቤት ይሄዳሉ። ለቅሶ ሲደርሱ ሰው ከአጠገባቸው ወንበር ያነሳል። ሰላምታቸውንም አፈር ላይ ይጥልባቸዋል። በሽማግሌ ላይ እንቢ ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና መላቀቂያ ባጣ «ጋሽ ላቀው፣ ተቀየሙኝ?» አልኳቸው።

«አልተቀየምኩህም። ግን ግራ ገባኝ። ሞተር ስትፈታ አይቼሃለሁ፣ የተሰበረውን ተሰብሯል ነው የምትል። ከሰው ጋር ስትሆን ምን ትሆናለህ?»

ቸኩያለሁ አልኳቸውና የመፍቻ ከረጢቴን አንግቼ አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ ቢቸና ሥራ ሲገኝ የሳቸውን ሰፈር በዙሪያ ነበር የማልፈው። ጥሩ ተፈትታ ወጣች፤ በመጨረሻም ያስታመመቻቸው፣ ውሃ በማንኪያ ያጠጣቻቸው እሷ ናት። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ሙላት በለቅሷቸው ላይ ስለ እውነት የሰበከው።

ከድንኳኑ ጀርባ አፌን ጠርጌ ቀና ስል ጥሩ በርሜሉ ዘንድ ውሃ ትቀዳለች። ከስታለች። ሄድኩና ፊቷ ቆምኩ።

«እግዜር ያጽናሽ ጥሩ። እኔ… ያን ቀን…»

«አውቅሃለሁ። ያሳቅኻቸው ሰውዬ ነህ።»

«ይቅር በይኝ።»

ጣሳውን በርሜሉ ክዳን ላይ አስቀመጠች። «እንቢ።»

«ተሳስቼ ነው፣ ስለ ማርያም ብለሽ…»

«እንቢ አልኩህ። ለቀስተኛ ነህ፣ ውሃ ከፈለግህ እቀዳልሃለሁ። ይቅርታ ግን የለኝም።» አልጮኸችም። ጣሳዋን አንስታ መቅዳቷን ቀጠለች።

ሙላት ለካ ሰምቷል። መጥቶ ትከሻዬን አቀፈኝ። «አይዞህ ባዬ፤ ሰልስቱ ይውጣና እኔና ቄሱ እንሄድባታለን። ሽማግሌ እንቢ ብላ የት ልትደርስ?»

እጁን ከትከሻዬ አነሳሁት።

«አትሄዱም።»

«ለምን?»

«እንቢ ብላለቻ።»